ጭሱ ነው ወይስ ሆርሞኑ?

ጥያቄው ረዘም ያለ ስለነበር ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«38 ዓመቴ ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው ያሳደገችን፤ እኔም ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ምጣድ ሥር ነው ያደግኩት። የእናቴ ታናሽ እህት በጡት ካንሰር ሞታብናለች። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ አሁን 10 ዓመቷ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ አያቷ ጋ ሄዳ ማገዶ ታቀብላለች። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ መወጋት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። አንድ ሐኪም ‹የጡት ካንሰር ከሆርሞን ነው የሚመጣው፣ መርፌውን አቁሚ› አለኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ‹ኬሚካል ነው እንጂ! ፌስታሉንም ዲኦዶራንቱንም ተዪ› ይሉኛል። የቱን ልመን? ሆርሞኑ ነው ወይስ ኬሚካሉ?»

እህቴ፣ ያሳሳተችሽ «ወይስ» የምትለዋ ቃል ናት። ሐኪሙም ጎረቤቶችሽም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግን ሆርሞንና ኬሚካል ጡት ውስጥ ለየብቻ አይሠሩም፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ያግዛል። እኔ ብሆን «መቼ ተገናኙ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ለምን እንደምል እስኪገባሽ ትንሽ ታገሺኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሆርሞኑ ልጀምር። ልብና ጉበት ስንወለድ ሥራቸው ያለቀ ነው፣ የሚቀራቸው መተለቅ ብቻ ነው። ጡት ግን ጅምር ሆኖ ነው የሚወለደው። ሕፃኗ ያላት ጥቂት ቀጫጭን ቱቦ ብቻ ነው። ጡቷ ሲያጎጠጉጥ፣ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ከእንቁላል ማመንጫዋ መውጣት ሲጀምር፣ ቱቦዎቹ እንደ ዛፍ ሥር ይሰራጫሉ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ሴሎቹ ትንሽ ይባዛሉ፣ መልሰው ይረግፋሉ። ግንባታው በደንብ የሚያልቀው ስታረግዝና ስታጠባ ነው።

አንድ ሴል ለሁለት ሲከፈል ስድስት ቢሊዮን ያህል የዲ ኤን ኤ (የሴሉ መመሪያ) ፊደል መገልበጥ አለበት። ብዙ የሚገለብጥ ጸሐፊ ብዙ ይሳሳታል፣ ያለ ነው። ስለዚህ ጡት ለኢስትሮጅን የተጋለጠበት ዘመን በረዘመ ቁጥር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። የወር አበባ በአንድ ዓመት ቀድሞ ከመጣ ዕድሉ በ5 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል፤ ማረጥ በአንድ ዓመት ከዘገየ ደግሞ በ3 በመቶ ገደማ። ይሄ ከ118 ሺህ በላይ የጡት ካንሰር ታማሚዎች መረጃ ተሰብስቦ የተሰላ ነው።

እንዲያውም ሆርሞን የሚለው ቃል ሳይፈጠር ነው ነገሩ የተገመተው። በ1896 ጆርጅ ቢትሰን የሚባል የግላስጎው ሐኪም የጡት ካንሰር የተስፋፋባት ሴት የእንቁላል ማመንጫዋን አውጥቶ ዕጢው ሲሟሽሽ እንዳየ ጻፈ። ሆርሞን የሚለው ቃል የመጣው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ሰውየው ምን እንደነካ ሳያውቅ ነካው።

አሁን ኬሚካሉን እንጨምርበት። እናትሽ እንጀራ ጋጋሪ ስለሆኑ ምሳሌውን ከሊጥ ልውሰድ። እርሾ ከአንዱ ሊጥ ወደ ሌላው ይተላለፋል አይደል? አንድ ቀን እርሾው ውስጥ ክፉ ነገር ከገባ የዚያን ቀን እንጀራ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፤ የሚቀጥለውንም፣ የሚቀጥለውንም ይዞት ይሄዳል። ዲ ኤን ኤ ላይ ጠባሳ የሚተወው ኬሚካል እርሾው ውስጥ የገባው ነገር ነው። ሆርሞኑ ደግሞ የምታቦካው እጅ ነው። በወር አንዴ የሚያቦካ ቤትና በየቀኑ የሚያቦካ ቤት፣ ሁለቱም እርሾ ቢበላሽባቸው እኩል አይጎዱም።

ወደ ምጣዱ እንምጣ። የምትይውን ቤት አውቀዋለሁ፣ እኔም እሳት እፍ እያልኩ ነው ያደግኩት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ ሲጨመርበት መጀመሪያ ነጭ ጭስ ይትጎለጎላል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ከዚያ ቦግ ይላል። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ጥቀርሻ ከነካሽው ደግሞ እጅሽ ላይ ቅባት ነገር ይቀራል፣ በውኃ ብቻ አይለቅም። ነገሩ ያለው እዚያ ቅባት ውስጥ ነው። በደንብ ያልተቃጠለ እንጨት ቤንዞፓይሪን የሚባል ኬሚካልና ዘመዶቹን ያወጣል። ሲጋራ ውስጥም የመኪና ጭስ ውስጥም ያሉት እነሱው ናቸው። ቅባት ስለሚስማማቸው ስብ ባለበት ይቀመጣሉ፣ ጡት ደግሞ አብዛኛው ስብ ነው።

ሰውነታችን እንዲህ ያለውን መርዝ ለማስወጣት መጀመሪያ በውኃ የሚሟሟ ማድረግ አለበት። ይሄን የሚሠሩ ኢንዛይሞች አሉ። ችግሩ፣ ሥራው መሃል ላይ ሲደርስ መርዙ ለአፍታ ከቀድሞው የባሰ ተናካሽ ሆኖ ዲ ኤን ኤ ላይ ይለጠፋል። ጡት ውስጥ ይህን ሥራ ከሚሠሩት ኢንዛይሞች አንዱ (ስሙ ለምላስ አይመችም፣ ይቅርብሽ) ኢስትሮጅንንም የሚሰባብረው እሱው ራሱ ነው። ጭስ የገባበት ሴል ይህን ኢንዛይም አብዝቶ ያመርታል። ኢንዛይሙ ሲበዛ ከኢስትሮጅኑ የተወሰነው ዲ ኤን ኤን የሚጭር መልክ ይይዛል። አየሽ፣ ሆርሞኑ እስከ አሁን አባዢ ብቻ ነበር፤ ጭስ ሲያገኝ ጫሪም ሆነ። «ወይስ» የምትለው ቃል እዚህ ላይ ትወድቃለች።

ይሄ በላብራቶሪ በደንብ የታየ ነው። ሰው ላይ ስንመጣ ግን ልዋሽሽ አልፈልግም፦ የማድ ቤት ጭስ ለሳንባ ያለው ጉዳት ማስረጃው ጠንካራ ነው፣ ለጡት ያለው ግን ቀለል ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሳምንት አንዴና ከዚያ በላይ ቤታቸው ውስጥ እንጨት የሚያነዱ ሴቶች ላይ ዕድሉ በመጠኑ ከፍ ብሎ ታይቷል። በመጠኑ። ጭስ ቤት ያደገ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም።

«መቼ» ያልኩት ነገር የመጣው ግን ከአይጥ ነው። ቺካጎ ውስጥ ቻርልስ ሃጊንስ የሚባል ሐኪም ነበር፣ ኋላ በ1966 በፕሮስቴት ካንሰር የሆርሞን ሕክምና ኖቤል ያገኘው። በ1961 የጭስ ኬሚካሎቹ ዘመድ የሆነ አንድ መርዝ ለሴት አይጦች አንዴ፣ አንዴ ብቻ ሰጣቸው። አይጦቹ ወደ 50 ቀን የሚጠጋቸው ነበሩ፣ በእነሱ ዕድሜ ጉርምስና ላይ መሆናቸው ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ ጡታቸው ላይ ዕጢ አወጡ። የእንቁላል ማመንጫቸው የወጣላቸው አይጦች ግን ያንኑ መርዝ ተሰጥቷቸው አብዛኞቹ ተረፉ። መርዙን ሳይወስዱ በፊት የወለዱትም እንዲሁ። ያው መርዝ፣ ያው መጠን፣ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር።

አይጥ ነው እንዳትይኝ ወደ ሰው ልምጣ። በ1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ቦምብ ሲወድቅ ከሁሉ በላይ የጡት ካንሰር ዕድላቸው የጨመረው በዚያን ጊዜ ከ20 ዓመት በታች የነበሩት ልጆች ናቸው፣ ጡታቸው ገና ያላጎጠጎጠ ሕፃናት ሳይቀሩ። በሽታው ግን ወዲያው አልመጣም። ሴቶች በተለመደው የጡት ካንሰር የሚያዙበት ዕድሜ እስኪደርሱ ጠበቀ። ጠባሳው በልጅነት ተቀመጠ፣ ከዚያ ሆርሞኑ ለዓመታት አባዛው። ከእነሱም መካከል በለጋ ዕድሜያቸው የወለዱት የተሻለ ዕድል ነበራቸው።

ከዚህ ሁሉ እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የሆጅኪን ታማሚዎች ነገር ነው። ሆጅኪን የሊምፍ ካንሰር ነው፣ ወጣቶችን ይይዛል፣ ይድናል። ድሮ ደረታቸው ላይ ከባድ ጨረር ይሰጣቸው ስለነበር በልጅነታቸው የታከሙት ሴቶች ከዓመታት በኋላ የጡት ካንሰር በብዛት ያዛቸው። ከመካከላቸው የአንዳንዶቹ የእንቁላል ማመንጫ በመድኃኒቱ ወይም በጨረሩ ተጎድቶ ቀድመው አርጠዋል። እነዚህኞቹ ጡታቸው ላይ ያው ጨረር አርፎ እያለ የጡት ካንሰር ዕድላቸው በጣም ያነሰ ሆነ። የሃጊንስ አይጦች ሙከራ ማንም ሳያስበው በሰው ላይ ተደገመ ማለት ነው።

ጎረቤቶችሽ «ኬሚካል» ሲሉ ፌስታል ትዝ ይላቸዋል። እኔ ግን ስለ ዲዲቲ ቢጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር። አገራችን ውስጥ ለወባ ሲባል ለአሥርተ ዓመታት ቤት ለቤት ሲረጭ ኖሯል፣ ግድግዳው ላይ የሚቀረውን ነጭ ዱቄት የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። ዲዲቲ ከሚሠራበት ቅመም አንዱ ክፍል ራሱ የኢስትሮጅን ጠባይ አለው። ሳይንቲስቶች ለብዙ ጊዜ የአዋቂ ሴቶችን ደም እየወሰዱ ለክተው «ከጡት ካንሰር ጋር ግንኙነት የለውም» ሲሉ ነበር። ችግሩ የለኩበት ጊዜ ነበር። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ አካባቢ፣ ከ1959 እስከ 1967 ነፍሰ ጡር ከነበሩ ሴቶች የተወሰደ ደም ተቀምጦ ነበር። በ2007 ያ ደም ሲመረመር፣ ዲዲቲ በብዛት ሲረጭ ገና 14 ዓመት ያልሞላቸው ከነበሩት ሴቶች መካከል፣ ብዙ ዲዲቲ የተገኘባቸው ጥቂት ከተገኘባቸው ይልቅ ከ50 ዓመት በፊት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ካደጉ በኋላ በተጋለጡት ላይ ይሄ አልታየም። በ2015 ደግሞ የልጆቻቸው ውጤት መጣ፦ በእናቷ ደም ውስጥ ዲዲቲ የበዛባት ልጅ ዕድሏ ወደ አራት እጥፍ ተጠግቷል። ጥናቱ የተሠራው በጥቂት መቶ ሰዎች ላይ ነው፣ ቁጥሩን እንደ ድንጋይ አትያዢው። አቅጣጫው ግን ከአይጡም ከሂሮሺማውም ጋር አንድ ነው።

ታዲያ አያትሽስ? ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳብኛል፦ «አያቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ጭስ ውስጥ ኖረው በጡት ካንሰር አልሞቱም!» በከፊል ሳይመረመሩ ነው የሞቱት፣ ሌላም በሽታ ቀድሟቸዋል። ግን ሌላም ነገር አለ። አንዲት የገጠር እናት የወር አበባዋ ዘግይቶ መጣ እንበል፣ በ18 ዓመቷ ወለደች፣ ሰባት ልጅ አፈራች፣ እያንዳንዱን ሁለት ዓመት አጠባች። አሥራ አራት ዓመት ማጥባት ነው! ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች በ2002 አንድ ላይ ሲሰሉ እያንዳንዱ ወሊድ ዕድሉን በ7 በመቶ፣ እያንዳንዱ የማጥባት ዓመት በላዩ ላይ በ4.3 በመቶ እንደሚቀንሰው ታይቷል። እርሾው ቢበላሽም የምታቦካው እጅ አርፋለች። አንቺና እኔ በልጅነታችን ያንኑ ጭስ ጠጥተን፣ ሆርሞናችን ግን የከተማ ነው፦ ቶሎ ይጀምራል፣ ወሊድ ይዘገያል፣ ልጅ አንድ ወይም ሁለት። የድሮውን ጭስ ከአዲሱ ሆርሞን ጋር የደረብነው እኛ ነን። ይሄን ስል ሰባት ውለጂ ማለቴ አይደለም፣ ኧረ በፍጹም።

አሁን መርፌሽ። ሐኪሙ መሠረት የሌለው ነገር አልተናገረም፣ ግን ቁጥሩን ሳይነግርሽ «አቁሚ» ማለቱ አልተመቸኝም። በ2023 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት እንዳንቺ መርፌ ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ብቻ ያለባቸው መከላከያዎች በሚወሰዱበት ጊዜ ዕድሉን ከ20 እስከ 30 በመቶ ከፍ እንደሚያደርጉት አሳይቷል። ያስፈራል። በሰው ቁጥር ስናየው ግን፣ ከ35 እስከ 39 ዓመት ባለው ዕድሜ ለአምስት ዓመት ከተጠቀሙ 100,000 ሴቶች መካከል በ15 ዓመት ውስጥ ተጨማሪ 265 ያህል ይታመማሉ። ከሺህ ሦስት እንኳን አይሞላም። ያውም የተሰላው በሽታው ከእኛ ይልቅ በሚበዛባቸው አገሮች ነው። መከላከያውን ካቆምሽ በኋላ ዕድሉ በጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ያልታሰበ እርግዝና የሚያመጣው አደጋም ትንሽ አይደለም። በሆርሞኑ ሐሳብ ከገባሽ ሆርሞን የሌለው ሉፕ አለ፣ መዳብ ያለበት። እሱን ሳታስገቢ ግን መርፌውን አትጣይ።

ፌስታሉ? ሰዎች የሰሙት ቢፒኤ ስለሚባለው የፕላስቲክ ኬሚካል ነው። እውነት ነው፣ ኢስትሮጅንን ይመስላል፣ አውሮፓ በ2011 ከጡጦ ውስጥ አግዳዋለች። ግን ያለው ጠንካራና ጥርት ባለ የፕላስቲክ ዓይነትና በአንዳንድ ጣሳዎች የውስጥ ሽፋን ላይ እንጂ ፌስታል ውስጥ አይደለም። ትኩስ ወጥ በፌስታል መያዝ ለብዙ ምክንያት ደስ አይልም፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ዲኦዶራንቱን ተጠቀሚ፣ በእሱ ላይ የቆመ ክስ የለም። ከፌስታሉ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን ታጥቦ ዘይትና ውኃ ሲያዝበት ነው። ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ቀዳድዳችሁ ጣሉት።

ማንም ያልጠየቀኝ ነገር ደግሞ አልኮል ነው። አንድ ነገር ብቻውን ሁለቱንም ሥራ ሲሠራ ማየት ከፈለግሽ እሱን እዪ፦ በደም ያለውን ኢስትሮጅን ከፍ ያደርጋል፣ ሲሰባበር ደግሞ ዲ ኤን ኤ የሚጎዳ ኬሚካል ይወጣዋል። በየቀኑ አንድ ጠርሙስ ያህል ቢራ እንኳን ዕድሉን በ7 እስከ 10 በመቶ ከፍ ያደርጋል። ጠላም ጠጅም ያው ናቸው። «ኬሚካል» ሲባል ለምን እሱ እንደማይጠራ አይገባኝም፣ ምናልባት ስለምንወደው ይሆናል።

ስለ አንቺ እንነጋገር። የእናት እህት መታመም ከእናት ወይም ከራስሽ እህት መታመም ያነሰ ክብደት አለው፣ ግን ስንት ዓመቷ ነበር? ከ50 በታች ከነበረች፣ ወይም በእናትሽ ወገን ሌላ የጡት ወይም የእንቁላል ማመንጫ ካንሰር የያዛት ካለች፣ ነገሩ ከጭስም ከመርፌም ይቀድማል። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ የተጫረውን ዲ ኤን ኤ የሚጠግነው ጂን ራሱ ተበላሽቶ ይወረሳል፣ ያኔ ትንሹም ጠባሳ ሳይጠገን ይቀራል። የአክስትሽ የሕክምና ወረቀት ከተገኘ ዕጢው «የሆርሞን ተቀባይ አለው» ይላል ወይ የሚለውንም እዪልኝ። በአገራችን ታማሚዎች ላይ በተሠራ ጥናት ከሦስት ሁለቱ ያህል ዕጢዎች ተቀባዩ አላቸው። ይሄ መልካም ዜና ነው፣ ምክንያቱም ታሞክሲፈን የሚባለው ርካሽ ክኒን የሚሠራው እነሱ ላይ ነው፤ ያንኑ ክፉ ያልነውን የሆርሞን በር ይዘጋል።

እስከዚያው በየወሩ የወር አበባሽ ካለቀ በኋላ ጡትሽን በራስሽ እጅ እዪው፣ መርፌው የወር አበባ ካስቀረብሽ አንድ ቀን ምረጪለት። አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ ደም ካየሽ «አያመኝም» ብለሽ አትቀመጪ። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም።

የቀረችው ልጅሽ ናት። አንቺ በምጣድ ሥር ያሳለፍሽው አልፏል፣ እሱን መመለስ አይቻልም። እሷ ግን 10 ዓመቷ ነው፣ ልክ ጡቷ ሊያጎጠጉጥ ሲል፤ ከላይ ስለ አይጦቹም ስለ ኦክላንዶቹም ያወራሁት ስለዚሁ ዕድሜ ነው። አያቷን እንዳትጠይቅ አላልኩም። የሚጋገረው ጠዋት ከሆነ ከሰዓት ትሂድ፣ ወይም ሊጡን ታቡካ፣ እንጀራውን ትቁጠር፣ ማገዶ የማቀበሉ ሥራ ግን ይቅርባት። ለእናትሽ ደግሞ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የማይቻል ከሆነ፣ ጭስ ማውጫ ያለው ምርጥ ምድጃ ብትገዙላቸው ማገዶውም ይቀንሳል፣ ሳንባቸውም ያርፋል። «ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ ስትጋግሪ ምን ሆንሽ?» እንደሚሉሽ አውቃለሁ፣ የእኔም እናት እንደዚያ ነው ያሉኝ። አትከራከሪያቸው፣ ምድጃውን ብቻ ግዢ።

የአክስትሽን ዕድሜ ጠይቀሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከዚያ ማሞግራሙን (የጡት ራጁን) መቼ ብትጀምሪ እንደሚሻል እነግርሻለሁ።